ከሞተ በኋላ ቻይና የሄደው ሰው

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ብዙ አላደክማችሁም። የማወራው ስለ አንድ ሥዕል ነው። አንድ ሰው፣ አንድ የአበባ ቅርንጫፍ፣ አንዲት ትንሽ ከረጢት። ሌላ ምንም የለበትም።

እስቲ አብረን እንየው። ሥዕሉ ቀጭንና ረጅም ነው። ጃፓኖች እንዲህ ያለውን ሥዕል ፍሬም ውስጥ አያስገቡትም። በወረቀት ወይም በሐር ላይ ይሥሉታል፣ ዙሪያውን በጨርቅ ይለብጡታል፣ ከታች ዘንግ ያደርጉበታል። ቀኑ ሲደርስ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ቀኑ ሲያልፍ ተጠቅልሎ ሣጥኑ ውስጥ ይገባል። ዓመቱን ሙሉ ተሰቅሎ አቧራ የሚጠጣ ሥዕል አይደለም።

ሰውየው ቆሟል። ፊት ለፊት ያየናል። የቻይና ሊቃውንት የሚለብሱትን ሰፊ ልብስ ለብሷል፣ ራሱ ላይ ቆብ አድርጓል። እጆቹን እጅጌው ውስጥ ሰብስቧል። ከእጅጌው የፕሪም ቅርንጫፍ ከነአበባው ብቅ ብሏል። ከትከሻው በማንገቻ የወረደች ትንሽ ከረጢት ጎኑ ላይ አርፋለች። ከኋላው ተራራ የለም፣ ቤት የለም፣ ደመና የለም። የቆመበት መሬት እንኳ በቅጡ አልተሣለም። ፊቱ ረጋ ያለ ነው።

ምንም ሳይነገራችሁ ብታዩት «የቻይና ምሁር ነው» ትላላችሁ። አይደለም። ጃፓናዊ ነው። ቻይናን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። እንዲያውም ወደ ቻይና ሊሄድ የነበረውን የመንግሥት ልዑክ ያስቀረው እሱ ራሱ ነው። ይህ ዓይነቱ ሥዕል በተስፋፋበት በ15ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ከሞተ 500 ዓመት አልፎታል። ሌላም አለ። ይህ ረጋ ያለ ሰው አምላክ ነው። ያውም የመብረቅ አምላክ። በአንድ ወቅት የኪዮቶ መኳንንት ስሙ ሲነሣ ይንቀጠቀጡ ነበር።

ዛሬ የምለው ነገር ባጭሩ ይሄ ነው። ሥዕሉ ለሰውየው የሰጠው በሕይወቱ ያላገኘውን ነው። ማን እንደሰጠውና ለምን እንደሰጠው ስናይ ግን የዋህ መሆን የለብንም። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ስሙ ሱጋዋራ ኖ ሚቺዛኔ ይባላል። የተወለደው በ845 ነው። ቤተሰቡ የጦረኛ ቤተሰብ አልነበረም፤ የመጽሐፍ ቤተሰብ ነው። አያቱ በ804 ከተላከው ልዑክ ጋር፣ የታንግ ሥርወ መንግሥት ወደሚገዛት ቻይና ሄዶ የተመለሰ ሊቅ ነበር። አባቱም ሊቅ ነው። በዚያ ዘመን ጃፓን ውስጥ መማር ማለት የቻይናን ጽሑፍ መማር ማለት ነበር። ሕጉ፣ ታሪኩ፣ የቤተ መንግሥቱ ደብዳቤ፣ ክብር የሚያስገኘው ግጥም፣ ሁሉም በዚያ ነው የሚጻፈው።

ሚቺዛኔ የመጀመሪያ ግጥሙን የጻፈው በ11 ዓመቱ ነው። ርዕሱ ምን መሰላችሁ? በጨረቃ ሌሊት የታየ የፕሪም አበባ። የጨረቃው ብርሃን ሰማይ ጠርቶ እንደሚያበራ በረዶ ነው ይላል። አበቦቹ ደግሞ እንደ ከዋክብት። ሥዕሉ ላይ ያያችሁት ቅርንጫፍ ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት ነበር ማለት ነው።

በ870 ትልቁን የመንግሥት ፈተና ተፈተነ። ሁለት ጥያቄ ቀረበለት። አንዱ ስለ ታላላቅ ቤተሰቦች የዘር ሐረግ፣ ሌላው ስለ መሬት መንቀጥቀጥ። አለፈ። ውጤቱ ግን ከመካከለኛው ከፍ ያለው እርከን ነበር እንጂ አንደኛ ደረጃ አልነበረም። ዛሬ ጃፓን ውስጥ የመግቢያ ፈተና ሲደርስ ተማሪው «አሳልፈኝ» እያለ የሚለምነው ይህን ሰው ነው። ልጃችሁ መካከለኛ ውጤት ይዞ ከመጣ ተረጋጉ። የፈተናው አምላክም ያገኘው እሱኑ ነው።

በ877 የሥነ ጽሑፍ መምህርነትን ከፍተኛ ማዕረግ አገኘ። በ886 ግን ከዋና ከተማው ከኪዮቶ አንሥተው ሳኑኪ የምትባል አውራጃ ገዥ አድርገው ላኩት። ሺኮኩ ደሴት ላይ ናት፤ ዛሬ ካጋዋ ትባላለች። ሹመት ይመስላል፤ እሱ ግን አልወደደውም። ከመጻሕፍቱና ከተማሪዎቹ ነጠሉት።

እኔ ሚቺዛኔን የወደድኩት እዚህ ጋ ነው። በደረሰበት ዓመት ክረምት አሥር ግጥም ጻፈ። ሁሉም የሚጀምሩት በአንድ ጥያቄ ነው። ብርዱ ቶሎ የሚመጣው ለማን ነው? ከዚያ ራሱ ይመልሳል። ሸሽቶ ሄዶ ለተመለሰው ገበሬ። ከሌላ አውራጃ ተንከራቶ ለመጣው። ሚስቱ ለሞተችበት ሽማግሌ። በልጅነቱ ወላጆቹን ላጣው። የመድኃኒት ተክል ለሚኮተኩተው። መንገደኛ በሚያርፍበት የመንግሥት ጣቢያ ለሚያገለግለው። በሰው ጀልባ ተቀጥሮ ለሚሠራው። ለዓሣ አጥማጁ። ለጨው ሻጩ። ለእንጨት ለቃሚው። አሥር ሰው፣ አሥር ዓይነት ብርድ።

የቤተ መንግሥት ገጣሚ ሁሉ ስለ ጨረቃና ስለ ግብዣ በሚጽፍበት ዘመን አንድ ገዥ ስለ ጨው ሻጭ ብርድ ጻፈ። ግን አናጋንን። ግጥሙ የማንንም ግብር አልቀነሰም። ገበሬው እየሸሸ ያለው ከግብሩ ነው፤ አውራጃውን ወክሎ ግብር የሚሰበስበው ደግሞ ገጣሚው ራሱ ነው። ይህን ግጭት የሚያውቅ ይመስለኛል። ግጥሞቹ እስካሁን የሚነበቡትም ለዚህ ነው።

በ890 ወደ ዋና ከተማው ተመለሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ኡዳ ወደደው። ምክንያቱ ችሎታው ብቻ አይደለም። በዚያን ጊዜ ፉጂዋራ የሚባለው ቤተሰብ ሴት ልጆቹን ለነገሥታቱ እየዳረ፣ የልጅ ልጆቹን እያነገሠ አገሩን ይዞት ነበር። ኡዳ ከዚያ ቤተሰብ ውጭ የሆነ ሰው ይፈልግ ነበር። ሚቺዛኔ ተገኘ።

አሁን ወደ ሥዕላችን የሚያደርሰን ነገር መጣ። በ894 ወደ ታንግ የሚሄደው ልዑክ መሪ ሆኖ ተሾመ። ከዚያ በፊት የመጨረሻው ልዑክ በመርከብ የተነሣው በ838 ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አልፏል። ሚቺዛኔ ሻንጣውን አላዘጋጀም። ደብዳቤ ጻፈ። ቻይና ውስጥ ያለ አንድ መነኩሴ በላከው መልእክት መሠረት ታንግ እየፈረሰች ነው አለ። ባሕሩም ሰው ይበላል አለ። ስለዚህ መሄዱ ይሻላል መቅረቱ፣ እንደገና ይታሰብበት አለ። ልዑኩ ቀረ። በ907 ታንግ ወደቀች። ወደ ታንግ የሄደ ሌላ ልዑክ የለም።

ትክክል ነበር? በፖለቲካ ሚዛን አዎ። እየሰመጠች ወዳለች መርከብ ለምን ይሄዳል? በዚያ ላይ ዋና ከተማውን ለቆ ቢወጣ ቦታውን የሚፈልጉ ሰዎች ነበሩ። ግን አስቡት። በአገሩ የቻይናን ጽሑፍ እንደሱ የሚያውቅ የለም በሚባልበት ጊዜ፣ አያቱ የሄደበትን መንገድ ራሱ ዘጋው። ዕድሜውን ሙሉ ያነበበውን አገር ሳያይ ቀረ።

በ899 የቀኝ ሚኒስትር ሆነ። የፉጂዋራ ቤት ልጅ ቶኪሂራ ደግሞ የግራ ሚኒስትር። እኛ ዘንድ ቀኛዝማች ከግራዝማች ይበልጣል፤ እዚያ ግን የግራው ነው የሚበልጠው። ያም ሆነ ይህ፣ ለሊቅ ቤተሰብ ልጅ የቀኝ ሚኒስትርነት ከልክ በላይ ከፍታ ነበር። ኡዳ ዙፋኑን ቀደም ብሎ ለልጁ ለዳይጎ ለቋል። ዳይጎ ገና ልጅ ነው።

በ900 መጸው ቤተ መንግሥት ውስጥ ግብዣ ነበር። ቦታው ሴይርዮደን የሚባለው የንጉሠ ነገሥቱ አዳራሽ ነው። ይህን ስም ያዙልኝ። ሚቺዛኔ ግጥም አቀረበ። ወጣቱ ንጉሠ ነገሥት ተደስቶ የገዛ ልብሱን ሸለመው።

አምስት ወር እንኳ አልሞላም። በ901 መጀመሪያ ላይ ክስ መጣ። ሚቺዛኔ ዳይጎን አውርዶ የንጉሡን ወንድም፣ የገዛ አማቹን፣ ሊያነግሥ አሲሯል ተባለ። ሥራው የቶኪሂራ ነው ተብሎ ነው የሚታመነው። ሚቺዛኔን በኪዩሹ ደሴት ወደምትገኘው ዳዛይፉ አጋዙት። በወረቀት ላይ የዚያ መሥሪያ ቤት ሹም ነው። በተግባር እስረኛ ነው። ትልልቅ ልጆቹን በየአቅጣጫው በተኗቸው።

ከቤቱ ሲወጣ ግቢው ውስጥ ያለውን የፕሪም ዛፍ ተሰናበተ። ያን ግጥም ጃፓን ውስጥ የማያውቀው የለም። የምሥራቁ ነፋስ ሲነፍስ መዓዛሽን ላኪልኝ ይላታል አበባዋን፤ ጌታዬ የለም ብለሽ ጸደይን እንዳትረሺ። አፈ ታሪኩ ደግሞ ዛፏ ናፍቆቱን መቻል አቅቷት በአንድ ሌሊት በርራ ዳዛይፉ ደረሰች ይላል። ዛሬም ዳዛይፉ ከመቅደሱ አጠገብ «ያቺ የበረረችው ዛፍ» ተብላ የምትታይ አንዲት ፕሪም አለች።

የግዞት ግጥሞቹ ግን ከአፈ ታሪኩ ይበልጡብኛል። በአንዱ ከበሩ አልወጣም ይላል። የመንግሥቱን ሕንፃ የማየው የጣሪያውን ክዳን ቀለም ብቻ ነው፤ የካንዘዮን ገዳምን የማውቀው በደወሉ ድምፅ ብቻ ነው ይላል። በሌላው ከሱ ጋር የመጡትን ትንንሽ ልጆች ያጽናናል። በ901 መጸው፣ ልብሱን በተሸለመበት ቀን ልክ ዓመቱ ላይ፣ አራት መስመር ጻፈ። ባለፈው ዓመት በዚህ ሌሊት ሴይርዮደን ውስጥ ነበርኩ ይላል። ንጉሡ የሰጠኝ ልብስ ይኸው አብሮኝ አለ። በየቀኑ አንሥቼ የቀረውን መዓዛ አሸታለሁ።

ያጋዘው ንጉሥ ነው የሸለመው። ይህን ግጥም ሰዎች የታማኝነት ምሳሌ አድርገው ሲያስተምሩት ኖረዋል። እኔ ታማኝነት ብቻ አይታየኝም። በየቀኑ አንድ ልብስ እያነሣ የሚያሸት ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አለው።

በ903 እዚያው ሞተ። አስከሬኑን የሚጎትተው በሬ መንገድ ላይ ተኛ፣ አልነሣም አለ፣ እዚያው ተቀበረ ይላሉ። በየመቅደሱ የተኛ በሬ ሐውልት የምታዩት ለዚህ ነው። ሰው እየዳሰሰው የበሬው ራስ መስተዋት መስሏል።

ከዚያ ሞት መጣ። በ909 ቶኪሂራ ገና በ30ዎቹ ዕድሜው ሞተ። በ923 አልጋ ወራሹ ሞተ። ቤተ መንግሥቱ ደነገጠ። ሚቺዛኔ ከሞተ 20 ዓመቱ ነው፤ ማዕረጉን መለሱለት፣ የግዞቱን ትእዛዝ አቃጠሉት። አልበቃም። በ925 ተተኪው አልጋ ወራሽ፣ ትንሽ ልጅ፣ ሞተ። በ930 ጁላይ ላይ ጥቁር ደመና መጣና መብረቅ ወደቀ። የት? ሴይርዮደን ላይ። ልብሱን የተሸለመበት አዳራሽ። ትልልቅ ባለሥልጣኖች ሞቱ። ዳይጎ ታመመ፣ ዙፋኑን ለቀቀ፣ መብረቁ ከወደቀ ሦስት ወር ገደማ ቆይቶ ሞተ።

እንግዲህ በዚያ ዘመን የነበረ ሰው ሆናችሁ አስቡት። ማነው እንዲህ የሚያደርገው? መልሱ ግልጽ ነው። በግፍ የሞተ ሰው ቂም ይዞ ይመለሳል የሚል እምነት ቀድሞም ነበረ።

ቤተ መንግሥቱ የወሰደው መፍትሔ ያስቀኛል። የሞተውን ሰው ሾሙት። ከኪዮቶ ሰሜን ምዕራብ ኪታኖ በሚባለው ሥፍራ ድሮም የነጎድጓድ አምላክ ይለመን ነበር። በ947 እዚያ መቅደስ ተሠራለት። በ987 በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ የመንግሥት በዓል ተከበረለት፤ ቴንጂን የሚለው የአምላክ ስሙም በቤተ መንግሥቱ ታወቀ። በ993 ከሚኒስትሮች ሁሉ የሚበልጠው ማዕረግ ተሰጠው። ሰውየው ከሞተ 90 ዓመቱ ነው! ቢሮክራሲ መንፈስን ማረጋጋት ሲፈልግ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዕድገት ደብዳቤ።

አሁን ወደ ሥዕል እንምጣ። ሚቺዛኔን በሕይወት እያለ የሣለው ሰው የሥራ ውጤት የለም። ታሪኩን በሥዕል ከሚተርኩት ጥቅልሎች ታዋቂው በ1219 የተዘጋጀውና በኪታኖ መቅደስ ያለው ነው። ከሞቱ 300 ዓመት በኋላ ማለት ነው። እዚያ ውስጥ ቀዩ የነጎድጓድ ጋኔን ከጥቁር ደመና ወርዶ መኳንንቱን ሲበታትን ታያላችሁ። ሲኦልም ተሥሏል። ንጉሠ ነገሥት ዳይጎ ሲኦል ወርዶ ሲቃጠል አንድ መነኩሴ በራእይ አየ የሚል ታሪክ አለ። በንጉሠ ነገሥት አገር ንጉሠ ነገሥትን ሲኦል ውስጥ መሣል ቀላል ድፍረት አይደለም።

ለብቻው ተቀምጦ የሚታይባቸው ሥዕሎች ደግሞ አሉ። በጥቁር የቤተ መንግሥት ልብስ፣ ሰይፍ ታጥቆ፣ የሹመት በትሩን ይዞ። በአንዳንዶቹ ከንፈሩን ነክሷል፤ ዓይኑ ፈጥጧል። የተቆጣው ቴንጂን ይሏቸዋል። በሌሎቹ የተጠመጠመ ገመድ ላይ ተቀምጧል። ወደ ግዞት ሲሄድ ሃካታ ወደብ ሲደርስ መቀመጫ ጠፍቶ ዓሣ አጥማጆች የጀልባ ገመድ ጠቅልለው አስቀመጡት፤ በዚያች ሌሊት ከንዴት ብዛት ፀጉሩ ሸበተ ይላል ታሪኩ። እነዚህ ሥዕሎች ግፉን አይረሱም። ገመዱ ራሱ ክስ ነው።

ታዲያ ሰይፉ የት ሄደ? የተነከሰው ከንፈርስ? እንዴት ነው ያ ሰው አበባ ይዞ በቻይና ልብስ የቆመው?

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኤንኒ ቤንኤን የሚባል የዜን መነኩሴ ነበር። ዜን በተመስጦ ላይ የሚያተኩር የቡድሃ ሃይማኖት ክፍል ነው። ይህ እውነተኛ ሰው ነው። በ1235 ቻይና ሄደ፣ በ1241 ተመለሰ፣ በኋላ ኪዮቶ የሚገኘውን የቶፉኩጂ ገዳም መሠረተ። ቻይና ያስተማረው በሃንግጁ አካባቢ በጂንግ ተራራ ገዳም የነበረው ዉጁን ሺፋን ነው። ኤንኒ ከተመለሰ በኋላ ኪዩሹ እያለ ቴንጂን በሕልም መጣበት። የዜንን ትምህርት አስተምረኝ አለው። ኤንኒም «መምህሬ ቻይና አለ፣ እሱ ዘንድ ሂድ» አለው። አምላኩ በአንድ ሌሊት ባሕሩን ተሻግሮ ሄደ። ተማረ። ዉጁን ትምህርቱን ለመጨረሱ ምስክር እንዲሆነው የመነኩሴ ልብስ ሰጠው። ልብሱን በከረጢት ይዞ ተመለሰ። በእጁ የፕሪም ቅርንጫፍ ነበር።

ሚቺዛኔ በ903 ሞቷል። ዉጁን በ1249 ነው የሞተው። በመካከላቸው ሦስት መቶ ዓመት ተኩል አለ። ለአምላክ ይህ ችግር አይደለም። ለኛ ግን ይህ ታሪክ መቼና ማን ዘንድ ተሠራ የሚለው ይጠቅመናል። ታሪኩም ሥዕሉም በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ብቅ አሉ። የተስፋፉት በታላላቆቹ የዜን ገዳማት ነው።

እዚህ ጋ ነው የዋህ አንሁን ያልኳችሁ። ዜን በዚያን ጊዜ ከቻይና የመጣ አዲስ ትምህርት ነው። መነኮሳቱ የጦር ገዥዎቹ ድጋፍ አላቸው፤ በቻይንኛ ግጥም ይጽፋሉ፤ የውጭ ግንኙነቱን ደብዳቤ ያረቃሉ። የጎደላቸው አንድ ነገር ነው። የአገሬው አምላክ። ቴንጂን ደግሞ የቻይንኛ ግጥም ገጣሚ ነው! ከሱ የተሻለ ማን ይገኛል? ስለዚህ የአገሩ አምላክ ለቻይናዊ መምህር ተማሪ ሆኖ ተሣለ። ማን ማንን እንደለመነ ልብ በሉ። አምላኩ ነው መነኩሴውን የለመነው። የገዳሙን ስም ከፍ የሚያደርግ ታሪክ ነው፤ በጣም ብልጥ ታሪክ።

ብልጥነቱ ግን ሥዕሉን አያሳንስብኝም። እነዚህ መነኮሳት የሚቺዛኔን ግጥም አንብበዋል። የ894ቱን ደብዳቤ ታሪክ ያውቃሉ። ሊሄድ ተሹሞ የቀረውን ሰው ላኩት። ልዑክ የለ፣ መርከብ የለ፣ ባሕሩ አይበላው። በሥልጣን ልብስም አልላኩትም። ሰይፉንና በትሩን ተቀብለው ተማሪ አደረጉት። ከሚኒስትርነት በፊት የነበረውን ነገር መለሱለት።

ከረጢቷን እንደገና እዩአት። በሕይወቱ አንድ ልብስ ነበረው። የሸለመው ንጉሥ አጋዘው፤ እሱም በግዞት ቤት መዓዛውን ሲያሸት ኖረ። ሥዕሉ ሁለተኛ ልብስ ሰጠው። ይህንን የሰጠው መምህር ነው፤ ማንም መልሶ አይነጥቀውም። ይህን ንጽጽር ሠዓሊዎቹ አስበውበት ይሁን አይሁን ግድ አይሰጠኝም። ሁለቱን ልብሶች ጎን ለጎን ካያችሁ በኋላ ግን ከረጢቷን እንደ ጌጥ ማየት አትችሉም።

ስለ መምህሩም አንድ ነገር ልጨምር። የዉጁን ሺፋን ሥዕል አለ። በ1238 ተሥሎ፣ ዉጁን ራሱ ከላይ ጽፎበት ለኤንኒ የሰጠው ነው። ቶፉኩጂ ገዳም ተጠብቆ ኖሯል፤ ጃፓን ብሔራዊ ቅርስ ብላዋለች። ወንበር ላይ ተቀምጧል። ፊቱ የአንድ የተወሰነ ሰው ፊት ነው፤ መንገድ ላይ ብታገኙት ትለዩታላችሁ። የቴንጂን ፊት እንደዚያ አይደለም። ሠዓሊው የሚያስታውሰው ፊት ስላልነበረው ሰውየውን የምንለየው በዕቃዎቹ ነው። ቅርንጫፍና ከረጢት ካሉ እሱ ነው።

የኋላ ሠዓሊዎች ይህን ገብቷቸው ተጫወቱበት። ሃኩዪን የሚባለው የዜን መነኩሴ፣ ከ1685 እስከ 1768 የኖረው፣ የቴንጂንን ልብስ በፊደል ሣለው። የአምላኩን ስም የሚጠራው ጸሎት ፊደሎች ተጣጥፈው ልብሱን ይሆናሉ። ከሩቅ ሰው ነው፣ ቀረብ ስትሉ ጽሑፍ ነው። ለገጣሚ ከዚህ የተሻለ ልብስ የሚሰፋ የለም።

ንግግሩ እዚህ ላይ አበቃ። የተነሡትን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው አሳጥሬ አስገብቻቸዋለሁ።

አንዲት እህት «ፕሪሙ ለምን? ቼሪ አይደለም እንዴ የጃፓን አበባ?» ብላ ጠየቀች። ቼሪው በኋላ የመጣ ፍቅር ነው። በሚቺዛኔ ዘመን ለተማረ ሰው ፕሪም ትልቅ አበባ ነበር፤ ፍቅሩም ከቻይና ግጥም ጋር የመጣ ነው። ብርዱ ሳይወጣ በየካቲት አካባቢ ይፈነዳል። ኪታኖ መቅደስ ዛሬም በየዓመቱ የካቲት 25 የፕሪም በዓል ያከብራል። በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ ማለቴ ነው። 25 የሞተበት ቀን ነው፤ ስለዚህ የየወሩ 25 የሱ ቀን ነው።

አንድ ወንድም ደግሞ ተቆጪው አምላክ እንዴት የልጆች አምላክ እንደሆነ ጠየቀ። ቀስ በቀስ ነው። መብረቁን የሚያስታውስ ሰው ሲያልቅ ግጥሙና ጽሑፉ ቀሩ። ገጣሚዎች እየተቀባበሉ የሚገጥሙበት ስብሰባ ሲኖር የሱን ሥዕል ይሰቅሉ ነበር። በኤዶ ዘመን፣ ማለትም ከ1603 እስከ 1868፣ በየሠፈሩ ልጆች ንባብና ጽሕፈት የሚማሩበት ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይም ተሰቀለ፤ ልጆቹ የእጅ ጽሑፋችን ይመርልን ብለው ይሰግዱለታል። ከ1888 ጀምሮ በአምስት የን ብር ላይም ወጥቷል። ከዚያ የዘመኑ ፈተና መጣ። ዛሬ ተማሪዎች የሚፈልጉትን ትምህርት ቤት ስም በትንሽ ጣውላ ላይ ጽፈው በመቅደሱ ያንጠለጥላሉ።

የመጨረሻው ጥያቄ «ይህ ሥዕል ይታያል ወይስ ይሰገድለታል?» የሚል ነበር። እንደ ቤቱ ነው። ሙዚየም ውስጥ ይታያል። ፉኩዪ በምትባለው አውራጃ ግን ወንድ ልጅ ሲወለድ የእናቱ ወላጆች የቴንጂንን ሥዕል ገዝተው የመስጠት ልማድ አለ። ዲሴምበር 25 ይሰቅሉታል፣ እስከ ጃንዋሪ 25 ይቆያል። በመጨረሻው ቀን የተጠበሰ ጠፍጣፋ ዓሣ ያቀርቡለታል። ዓሣውን በኋላ የሚበሉት ቤተሰቦቹ ናቸው።